አይቶ ማለፍና አይቶ መውረድ



በዳንግላ አቅራቢያ ባለች በአንዲት የገጠር ደብር ለሰንበት ማኅሌት ቆመን ሳለን፥ ጎሕ ሊቀድ ጥቂት ሲቀረው፥ ከደጅ ወጥተው የነበሩ ዲያቆናት ፈጥነው ተመለሱና «ከዋክብት ተሰልፈው ሲሄዱ አየን» አሉን። ወጥተን ብንመለከት ነገሩ እንዳሉት ነበር። በክር የተሰካ መቍጠሪያ የሚመስሉ ብዙ ብርሃኖች፥ አንዱ አንዱን ሳይቀድም፥ ድምፅም ሳያሰሙ፥ ሰማዩን አቋርጠው ያልፉ ነበር። ከምእመናኑ እኵሌቶቹ የዘመን ፍጻሜ ምልክት ነው ብለው ፈሩ፤ እኵሌቶቹም መላእክት ናቸው ብለው አማተቡ። ለዕረፍት ከትምህርት ቤት የመጣ አንድ ወጣት ግን «እነዚህ ሳተላይቶች ናቸው፤ በአንድ ሮኬት ተጭነው በቅርቡ የወጡ ናቸው» ሲል አስረዳ።

እውነቱን የተናገረው ወጣቱ ነበር። ስፔስ ኤክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በግንቦት 2011 ዓ.ም. ለኢንተርኔት መገናኛ የሚያገለግሉ 60 ሳተላይቶችን በአንድ ሮኬት አምጥቆ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም በየጊዜው እየጨመረ ብዙ ሺህ አድርሷቸዋል። አዲስ የወጡት ወደየቦታቸው እስኪበተኑ ድረስ ለጥቂት ቀናት ተከታትለው ይሄዳሉ። ምድር ገና በጨለማ ሳለች እነርሱን በከፍታቸው የፀሐይ ብርሃን ስለሚያገኛቸው፥ ከንጋት በፊትና ከምሽት በኋላ ለዐይን ይታያሉ። ነገሩ ይህ ብቻ ስለ ሆነ ሕዝቡን አረጋግተን ወደ ማኅሌታችን ተመለስን።

ከቅዳሴ በኋላ ግን አንዲት አረጋዊት እናት በደጀ ሰላሙ ጠብቀው ያዙን። «አባታችን፥ እኒያ በሌሊት ያለፉት ከላይ ሆነው ምድርን ያያሉ ይላሉ። እውነት እኛን ያዩናልን?» ብለው ጠየቁን። እኛም «እናቴ፥ የሚያዩም አሉ፤ የማያዩም አሉ። የዛሬዎቹ ቃል አመላላሾች ናቸው፤ ምድርን የሚያዩት ሌሎች ናቸው» አልናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና «የሚያዩት ካዩን፥ ያ ሁሉ ዛፋችን ቆሞ ሲደርቅ ምነው ዝም አሉን?» አሉ። እኛ ግን ለመሄድ ቸኵለን ነበርና «ይህ የሳይንስ ሊቃውንት ጉዳይ ነው» ብለን ባርከናቸው ሄድን።

መልሳችን መልስ እንዳልነበረ ያወቅነው መንገዱን ካጋመስን በኋላ ነው። እኒያ እናት የጠየቁን የሮኬትን አሠራር አልነበረም። የጠየቁን፥ ከፍ ካለ ስፍራ ሆኖ የሌላውን መከራ የሚያይ ሰው ላየው ሰው ምን ዕዳ አለበት? የሚል የኅሊና ጥያቄ ነው። ይህም የሳይንስ ሊቃውንት ብቻ ሳይሆን የእኛም ጉዳይ ነው። ስለዚህ በዚያች ቀን ያልመለስነውን ዛሬ በጽሑፍ ልንመልሰው አሰብን።

አስቀድመን ስለ ነገሩ ምንነት ጥቂት እንናገር። ሳተላይት በሰማይ የሚቈየው የምድር ስበት ስለማይደርስበት አይደለም። ስበቱ ዘወትር ወደ ታች ይስበዋል፤ እርሱም ዘወትር ይወድቃል። ነገር ግን ሮኬቱ ወደ ጐን የወረወረበት ፍጥነት በአንድ ሴኮንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ፥ ሲወድቅ የምድር ክብነት ከሥሩ እየሸሸ፥ ሳይደርስባት ይዞራታል። ዝቅ ብለው ከሚዞሩት ብዙዎቹ በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ምድርን ዞረው ይመለሳሉ።

የዚህ ሥራ መጀመሪያ መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክ የተባለውን 83.6 ኪሎ ግራም የሚመዝን ድብልብል ሳተላይት አመጠቀች። በዚያው ዓመት አሜሪካ ተከተለች። ከዚያም ፈረንሳይ በ1958 ዓ.ም.፥ ጃፓንና ቻይና በ1962 ዓ.ም.፥ ሕንድ በ1972 ዓ.ም. በየራሳቸው ሮኬት ሳተላይት ላኩ፤ እስራኤል፥ ኢራንና ሁለቱ ኮሪያዎችም በየጊዜያቸው ተጨመሩ። ቀድሞ በቅኝ ግዛት ተይዛ የነበረችው ሕንድ ነሐሴ 17 ቀን 2015 ዓ.ም. መንኰራኵሯን በጨረቃ ደቡባዊ ዋልታ አጠገብ በደኅና አሳረፈች።

አገራችንም ከዚህ አልቀረችም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በማለዳ ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ታይዩዋን ከተባለው የቻይና ማምጠቂያ ጣቢያ በቻይና ሮኬት ወጣች። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ከወጪው አብዛኛውን ቻይና ሸፈነች፤ የአገራችን መሐንዲሶችም በሥራው ተካፈሉ። የተላከችው እርሻን፥ ደንን፥ ውኃንና የአየር ንብረትን ከላይ ሆና እንድትመለከት ነው። የመቈጣጠሪያ ጣቢያዋ የተሠራው የእንጦጦ ማርያምና የእንጦጦ ራጉኤል አብያተ ክርስቲያናት በሚገኙበት በዚያው በእንጦጦ ተራራ ላይ ነው። በዓመቱም ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ሁለተኛዪቱ፥ እርሷም በቻይና ሮኬት፥ ተከተለች።

ይህን ሲሰሙ የባቢሎንን ግንብ የሚያስታውሱ አሉ። «ሰው ወደ ሰማይ ለመውጣት መሞከሩ ድፍረት አይደለምን?» ይላሉ። ጥያቄው ከእግዚአብሔር ፍርሃት የመጣ ስለ ሆነ አይናቅም፤ ነገር ግን የሰናዖር ሰዎች የተወቀሱበትን ምክንያት አጥርተን እንመልከት። የተወቀሱት ጡብ ስለ ተኰሱ፥ ከፍ ያለ ሕንጻም ስለ ሠሩ አይደለም፤ የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስም በተራራ ላይ ተሠርቷልና። የተወቀሱት የድካማቸው ፍጻሜ የራሳቸውን ስም ማስጠራት ስለ ነበር ነው። እንግዲህ ከፍታው ራሱ አይወቀስም፤ አይመሰገንምም። የሚመሰገነውም የሚወቀሰውም ከፍታው ምን እንዲደረግበት እንደ ተፈለገ ነው።

ይህን ለማስረዳት በቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት ተቈጥሮ የሚነበበው መጽሐፈ ሄኖክ ይበቃናል። በዚህ መጽሐፍ ሁለት ዓይነት ትምህርት ከላይ ወደ ሰው ሲወርድ እናገኛለን። አንደኛው፥ መልአኩ ኡርኤል ለሄኖክ የፀሐይንና የጨረቃን መውጫና መግቢያ፥ የከዋክብትንም ሥርዓት ያሳየበት ነው። በባሕረ ሐሳብ አበቅቴና መጥቅዕ እየቈጠርን በዓላትንና አጽዋማትን የምናወጣ እኛ ካህናት የሰማይን አካሄድ መመርመር ኀጢአት ነው ልንል አንችልም። ሁለተኛው፥ አዛዝኤል ለሰዎች ሰይፍና ጋሻ መሥራትን ያስተማረበት ነው። ያም ዕውቀት ነበር፤ ፍሬው ግን ደም ማፍሰስ ሆነ።

ሮኬት ከእነዚህ ከሁለቱም የተወለደ ነገር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ቪ-2 የተባለውን ሮኬት በለንደንና በሌሎች ከተሞች ላይ ይጥሉ ነበር። ስፑትኒክን ያወጣው ሮኬት እንኳ በመጀመሪያ የተሠራው እጅግ አጥፊ የሆነ ቦምብ ከአንዱ ክፍለ ዓለም ወደ ሌላው ለማድረስ ነበር። ዛሬም ከላይ የሚያየው ዐይን ለገበሬው ዝናምን፥ ለጦረኛው ዒላማን ይፈልጋል። እንግዲህ በሚመጥቀው ነገር ሁሉ ልንደነግጥም ልናጨበጭብም አይገባንም፤ «ይህ የኡርኤል ነውን ወይስ የአዛዝኤል?» ብለን በፍሬው ልንለየው ይገባናል።

በሌላ በኵል፥ ሰው ወደ ላይ ስለ ወጣ እምነት የተነካ የሚመስላቸው አሉ። ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ዩሪ ጋጋሪን ከሰው ሁሉ አስቀድሞ ምድርን በጠፈር ዞሮ በተመለሰ ጊዜ፥ «ወጣሁ፥ እግዚአብሔርን ግን አላየሁም» አለ ተብሎ ብዙ ተወርቷል። ቃሉን እርሱ ስለ መናገሩ ግን ማስረጃ አልተገኘም። ይሁን እንጂ ማንም ቢለው መልሱ ቀላል ነው። ብዙ ሳተላይቶች የሚዞሩበት ከፍታ 500 ወይም 600 ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ፥ በእንጅባራና በዳንግላ አልፎ ባሕር ዳር ከሚደርሰው መንገድ ብዙ አይበልጥም። በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ የሚሆነውን ያህል ወደ ላይ ወጥቶ የሰማይን ጌታ ፈለግሁት አጣሁት ማለት የሚያስደንቅ አይደለም፤ የሚያሳዝን ነው። እግዚአብሔር በመራቅ የሚገኝ አይደለምና።

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። ከላይ ማየት ምን ዕዳ ያመጣል? ቅዱስ መጽሐፍ ስለ ማየት የሚያስተምረንን በሦስት ምሳሌዎች እንመልከት።

የመጀመሪያው ከኦሪት ዘጸአት ነው። እግዚአብሔር ለሙሴ በቍጥቋጦው ውስጥ በተገለጠለት ጊዜ፥ በግብፅ ያለውን የሕዝቡን መከራ እንዳየ፥ ጩኸታቸውንም እንደ ሰማ ነገረው፤ ከዚያም ሊያድናቸው እንደ ወረደ ጨመረለት። ሊቃውንት ይህን የሥጋዌው ምሳሌ አድርገው ያያሉ። በእግዚአብሔር ዘንድ ማየትና መውረድ አልተለያዩም። ከላይ ማየት የእርሱ ባሕርይ ነው፤ ፍቅሩን ያወቅነው ግን በመውረዱ ነው።

ሁለተኛው የዘኬዎስ ታሪክ ነው። ዘኬዎስ ቁመቱ አጭር ስለ ሆነ ጌታን ለማየት ከዛፍ ላይ ወጣ። በመውጣቱ አልተነቀፈም፤ እንዲያውም ትጋቱ ታየለት። ነገር ግን ጌታ ፈጥኖ እንዲወርድ አዘዘው። መዳን ወደ ቤቱ የገባው በዛፉ ላይ ሳለ አልነበረም፤ ወርዶ ጌታን ከተቀበለና የገንዘቡን እኵሌታ ለድሆች ከሰጠ፥ የበደላቸውንም ለመካስ ከወሰነ በኋላ ነው። እንግዲህ ሮኬት የዘኬዎስ ዛፍ ነው እንበል። ቁመታችን አጭር ነውና መውጣታችን አይከለከልም፤ በዚያው መቅረታችን ግን አይፈቀድልንም።

ሦስተኛው ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች ያቈሰሉት ሰው ምሳሌ ነው። በዚህ ምሳሌ ከሦስቱ መንገደኞች አንዱም ቍስለኛውን ሳያየው አላለፈም። ካህኑ አየው፥ ሌዋዊውም አየው፥ ሳምራዊውም አየው። ሦስቱን የለያቸው ዐይናቸው አይደለም። ሁለቱ አይተው ወዲያ ሲያልፉ፥ ሦስተኛው ቀረበ፥ ቍስሉን አሰረ፥ በገዛ እንስሳውም ላይ አስቀመጠው። ያየ ሰው «አላወቅሁም ነበር» የሚለው ምክንያት ተወስዶበታል፤ ስለዚህም ማየት ዕዳ ነው እንላለን።

ይህ ከሆነ፥ ከሳተላይቶች ወዲህ የዓለም ዕዳ እንዴት እንደ በዛ እናስተውል። ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. አሜሪካ በኋላ ላንድሳት የተባለችውን፥ የምድርን ገጽ ለማጥናት የተሠራችውን ሳተላይት አመጠቀች። በተከታዩ ዓመት በወሎ የነበረው ረሃብ እጅግ ጸና። በዚያን ጊዜ የሳተላይትን ሥዕል አንብቦ ረሃብን የሚያስታውቅ ሥርዓት ገና አልነበረምና ሳተላይቷን አንወቅሳትም። ነገር ግን በምድር ያሉት ዐይኖች አይተው ነበር። ያዩትን ሸሽገው የዝምታ መጋረጃ የጣሉ ባለ ሥልጣኖች ነበሩ። መጋረጃውን የቀደዱት ደግሞ ወደ ስፍራው የወረዱ ሰዎች ናቸው፤ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ወርደው ያዩትን በፎቶግራፍ አሳዩ፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ፤ ዓለምም ያን ጊዜ ደነገጠ።

ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1985 አሜሪካ የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አቋቋመች። ሳተላይቶች የዝናሙን መጠንና የሣሩን ልምላሜ ከላይ እየለኩ፥ በምድር ያሉ ሰዎች ደግሞ የገበያውን ዋጋ እየጠየቁ፥ ረሃብ ከመግባቱ ከወራት በፊት ማስታወቅ ተቻለ። ከአውሮፓ አቆጣጠር 2008 ጀምሮም የላንድሳት ሥዕሎች ለማንም ያለ ዋጋ እንዲሰጡ ተደረገ። እንግዲህ ዐይኑ ተገኘ፤ ያየውንም መናገር ጀመረ ማለት ነው።

ታዲያ ረሃብ ቀረን? በጎረቤታችን በሶማሊያ የሆነውን እንስማ። ማስጠንቀቂያው መሰማት የጀመረው በ2002 ዓ.ም. ክረምት ነው። ዝናሙ ሊቀር እንደሚችል ተነገረ፤ በኋላም መቅረቱ ታየ፤ ማስጠንቀቂያው ተደጋገመ። ከአንዱ ወገን ጦርነቱ መንገዱን ዘጋ፥ እርዳታ እንዳይገባም የከለከሉ ታጣቂዎች ነበሩ፤ ከሌላው ወገን ለጋሾቹ እጃቸውን ለመዘርጋት ዘገዩ። ሐምሌ 13 ቀን 2003 ዓ.ም. ረሃብ መግባቱ በይፋ በታወጀ ጊዜ ለብዙዎች ጊዜው አልፎ ነበር። በኋላ የተደረገው ጥናት የሞቱትን 260,000 ያህል አድርጎ ገመተ፤ ከእነርሱም እኵሌቶቹ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ነበሩ። በዚህ ጊዜ «አላየንም» የሚል አልነበረም። ታይቶ ነበር፤ ያልተደረገው መውረድ ነው። የእናታችን ጥያቄ በሕፃናቱ ሁሉ አፍ ሲጠየቅ እንሰማዋለን፤ ካያችሁን ምነው ዝም አላችሁ?

አሁን ደግሞ ወደ ገዛ አገራችን ወደ አዊ እንመለስ። የእናታችን ዛፍ ዲከረንስ ነው። ይህ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ወገን በእንጅባራና በዳንግላ መካከል፥ ይልቁንም በአዲስ ቅዳም ዙሪያ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፥ ተራራውንና ሜዳውን አልብሶት ነበር። መሬቱ በመከላትና አሲዳማ በመሆኑ እህል አልሰጥ ሲል ገበሬው ዲከረንስን ተከለ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራበታል፤ ቀጥሎ ሣሩን ለከብቱ ያጭዳል፤ በአራት ወይም በአምስት ዓመት ዛፉን ቈርጦ ከሰል አክስሎ ይሸጣል፤ ከሰሉም በጭነት መኪና አዲስ አበባ ይደርሳል። በዚህ ብዙ ቤት ቆርቆሮ ለበሰ፥ ብዙ ልጅም ተማረ።

የሳተላይት ሥዕሎችን ያጠኑ ሊቃውንት በዚህ ወረዳ ደን እንደ በዛ ጻፉ። በሌላው የአገራችን ክፍል ደን ሲመነጠር በዚህ መጨመሩ አስደነቃቸው። የጻፉትም እውነት ነበር። ነገር ግን ከላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ሁሉ ለጥላ የቆመ ደን አልነበረም፤ ለእሳት የቆመ እርሻ ነበር። ዛፉ ለልጅ ትምህርት ይሁን ለዕዳ መክፈያ የተመደበ፥ የመበለት ይሁን የባለጸጋ፥ ሳተላይት ይህን አትለይም። ለይተው የጻፉት ከጐጆው ገብተው ገበሬውን የጠየቁት ሊቃውንት ናቸው። ከላይ የሚገኘው እውነት ሰፊ ነው፤ ከታች የሚገኘው እውነት ጥልቅ ነው፤ ሁለቱ ካልተገናኙ አንዱም አይሞላም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዲከረንሱን እንደ ዝገት የሚታይ የሻጋታ በሽታ መታው። ቅርንጫፉ ይቈረፍዳል፥ ቅጠሉ ይረግፋል፥ ዛፉ ቆሞ ይደርቃል። ከላይ የምታይ ሳተላይት አረንጓዴው ሲቀንስ ልታይ ትችላለች፤ አስቀድሞ ያወቀው ግን በማለዳ ወደ ማሳው ወርዶ ቅርንጫፉን በእጁ የዳሰሰው ገበሬ ነው። የገበሬው ዕውቀት ወደ ላይ የሚወጣበት፥ የሊቁ ዕውቀት ወደ ታች የሚወርድበት መሰላል በጊዜው ባይቆም፥ ሁለቱም እያዩ ዛፉ ይደርቃል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው፥ «እንግዲያስ ድሀ አገር ለሳተላይት ገንዘብ ማውጣቷ ምን ይረባል? ያ ገንዘብ እህል ቢገዛ አይሻልምን?» የሚል ነው። ከርኅራኄ የመጣ ቃል ነው፤ ነገር ግን ፍርዱ የተሟላ አይደለም። ድሀ ከባለጸጋ ይልቅ ዐይን ያስፈልገዋል። ባለጸጋ ዝናም ሲቀርበት ከጎተራው ይበላል፤ ድሀ ግን መቅረቱን አስቀድሞ ካላወቀ በሬውን በርካሽ ሸጦ ይሰደዳል። ስለዚህ ሳተላይቷን አንነቅፍም። ነገር ግን ያቺ ታኅሣሥ ማለዳ ያስደሰተችን «እኛም ከጠፈር ደረስን» ለማለት ብቻ ከሆነ፥ የሰናዖር ጡብ በእጃችን አለ። የላከችው ሥዕል በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ አንድ ጥቅም ካደረገ ግን፥ ወጪዋ ለድሆች እንደ ተሰጠ ምጽዋት ይቈጠራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ የከበደ ነው። «ዛሬ ሰው የዓለምን መከራ ሁሉ ያያል፤ እጁ ግን እንደ ቀድሞው አጭር ነው። ዐይኑ ወደ ደረሰበት ሁሉ ሊወርድ እንዴት ይችላል? ያልቻለውስ እንዴት ይፈረድበታል?» ይላል። እውነት ነው፤ ማንም ወደ ሁሉ ሊወርድ አይችልም። ሳምራዊውም በኢያሪኮ መንገድ ያገኘውን አንዱን እንጂ በምድር ላይ የቈሰለውን ሁሉ አላነሣም። የተጠየቀው በመንገዱ ላይ የወደቀውን ነው። ለእያንዳንዱም ከሚያየው ሁሉ መካከል በመንገዱ ላይ የወደቀ አንድ አለው። ለመንግሥት የሕዝቡ ረሃብ ነው፤ ለሊቁ ያነበበው ሥዕል ነው፤ ለግብርና ሠራተኛው የቀበሌው ማሳ ነው። አደጋው ዐይን በመስፋቱ አይደለም። አደጋው የሩቁን እያየን በማዘናችን የቅርቡን የረዳን መስሎ ሲታየን ነው።

ይህን ስንል ፍርዱ በራሳችን ላይ እንደሚመለስ እናውቃለን። በጌታ ምሳሌ አስቀድሞ አይቶ ያለፈው ካህን ነበር። እኛም በዚያ መንገድ ስንመላለስ ቆሞ የደረቀውን ዛፍ ከአንድም ሁለት ዓመት አይተነዋል። ከሳተላይት ይልቅ ቅርብ ነበርን፤ የባለ ዛፎቹን ስመ ክርስትና እናውቃለን፤ ልጆቻቸውን አጥምቀናል፤ ሙታኖቻቸውን ፈትተናል። አንድ ቀን ስንኳ ከመንገድ ወጥተን «ምን ሆነባችሁ?» አላልንም። እናታችን «ምነው ዝም አሉን?» ያሉት ስለ ሳተላይቶች ነበር፤ የሰማነው ግን ስለ እኛ ነው።

በሚቀጥለው ሰንበት ወደ ደብሯ ተመልሰን እኒያን እናት ጠየቅናቸው። ማሳቸውን አሳዩን። የደረቀውን ዛፍ እየቈረጡ አንዱን ጥግ ለድንች ቈፍረውታል፤ የቀረው ገና እንደ ቆመ ነው። የምንሰጣቸው መድኃኒት አልነበረንም። ያደረግነው ይህ ብቻ ነው፤ ያንን ስለ ሳተላይት ያስረዳንን ወጣት ጠርተን፥ ዛፋቸው የደረቀባቸውን የአጥቢያውን ቤቶች እየዞረ እንዲጽፍ፥ ጽሑፉንም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት እንዲያደርስ ለመንነው። የሰንበቴው ማኅበርም ጕልበት ለሌላቸው ሁለት ቤቶች ግንዱን በደቦ ሊነቅል ተስማማ። እናታችንም «አሁን ያየን ሰው አለ» አሉ። ዛፋቸው አልለመለመም፤ ዕዳችንም አላለቀም። ግን ያን ቀን ከደጀ ሰላሙ ሸሽተን የሄድንበት መንገድ ከዚያ ወዲያ አልከበደንም።

ስለዚህ ለካህናት ወንድሞቻችን ይህን እናሳስባለን። ዛሬ በየአጥቢያው የአየር ጠባይ ትንበያ በስልኩ የሚያነብ ወጣት አይጠፋም። ከቅዳሴ በኋላ በሚነገረው ማስታወቂያ መካከል የዝናሙን ወሬ እንዲያሰማ ብናዝዘው፥ ከላይ የታየው ወደ ታች ይወርዳል። በአጥቢያችን የደረቀውን፥ የተራበውንና የታመመውን አይተን ለሚመለከተው ብንናገር ደግሞ ከታች ያለው ወደ ላይ ይወጣል። ይህን ለማድረግ ሮኬት አያስፈልገንም።

የአዊ ሕዝብ ፈረስ ወዳድ ነው። ጥር 23 ቀን በሚከበረው የፈረሰኞች በዓል የእንጅባራን ሜዳ የሞላውን ፈረስ ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። ከአባቶቻችን የተቀበልነውም ልማድ አለ፤ ፈረሰኛ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ፥ ምንም ያህል የተከበረ ሰው ቢሆን፥ ከፈረሱ ይወርዳል። በፈረሱ ላይ ሆኖ ሩቅ ማየቱን የነቀፈው የለም፤ ነገር ግን የተቀደሰ ስፍራ ፊት በከፍታ አይታለፍም። የተራበና የቈሰለ ሰው ያለበት ስፍራም ጌታ ራሱን ከታናናሾቹ ጋር የቈጠረበት ስለ ሆነ የተቀደሰ ነው። እንግዲህ ዘመናችን ከፈረስ እጅግ ከፍ ባለ ነገር ላይ ተቀምጧልና፥ ከዚህ ስፍራ ሲደርስ መውረድን እንዳይረሳ እንጸልይ፤ እኛም አስቀድመን እንውረድ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።